በመቀነቴ የቀረችው ጨው

አህያ ደደብ ናት የሚል ሰው አህያ አስተምሮ አያውቅም። እኔ፣ ሰገነት፣ አስተምሬያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምሬ በሦስት ቀን አበላሸሁት። ደደቡ ማን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ማንም እንዳይነግረኝ።

ባለቤቴ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ እዚሁ ጋዝጊብላ፣ በእኛ ሚካኤል፣ ሠላሳ ዓመት ድጓ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ዓይናቸውን የዓይን ማዝ ቀስ እያለ በላው። መጀመሪያ ፊደሉ ደበዘዘባቸው፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣ በመጨረሻ ፀሐይዋ ራሷ ጠፋች። አንድ ቀን እንኳ በፈጣሪ ላይ አላጉረመረሙም። የሚያስቆጣቸው እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው ሰው ነበር። «ሰው ስመራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደ ፍየል አትጎትቱኝ!» ይላሉ። ተማሪዎቻቸው ተራ ገብተው ሊወስዷቸው ቢመጡ በመቋሚያቸው አባረሯቸው። እኔም ብሆን ክንዳቸውን ስይዝ እጄን ያነሱታል።

ስለዚህ ቤት ዋሉ። ሌሊት የተጀመረው ማኅሌት ሲነጋም ከቤታችን ይሰማል። መሪጌታ መደብ ላይ ተቀምጠው መሬቱን በመቋሚያ እየመቱ አብረው ያዜማሉ፤ ከዚያ መሐል ላይ ያቆሙና ያለቅሳሉ። በወር ውስጥ ሰውነታቸው አለቀ። በራሳቸው ሚካኤል ደጅ መድረስ ከቻሉ ይኖራሉ፣ ካልቻሉ ይሞቱብኛል። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ የለውም።

በቅሏችን በጦርነቱ ጊዜ ተነድታ ሄዳ ቀርታለች። የቀረችን አንዲት አመድማ አህያ ናት፤ እሷም ሰው ሲጠጋት የምትራገጥ፣ ጭነት ስታይ የምትተኛ፣ ስሟን ጠርቼ ሳልጨርስ የምሰድባት ነበረች። እስቲ ልሞክራት አልኩ። አባቴ ወይፈን ሲያቀና እያየሁ ነው ያደግሁት። ቀንበር ባንድ ቀን አይጭንበትም። መጀመሪያ አንገቱን ያክለታል፣ ቀጥሎ ቀጭን እንጨት ያስርበታል፣ ቀጥሎ ከሽማግሌ በሬ ጎን ያቆመዋል። እርሻው መጨረሻ ነው።

ሰቆጣ ገበያ ወርጄ የአሞሌ ጨው ስባሪ ገዛሁና ጀመርኩ። ጀርባዋን ስነካት ከቆመች አንዴ ትልሳለች። ካልቆመች ዱላም የለም፣ ጨውም የለም። ሳምንት ሙሉ ይኸው ነው። ከዚያ መንካት ብቻ አይበቃም፤ ኩርታኑን፣ የጀርባዋን መደላድል፣ ስጭንባት መቆም አለባት። ከዚያ ግማሽ ጆንያ አሸዋ፣ ከዚያ እኔ ራሴ። ትናንት ጨው ያስገኘላት ነገር ዛሬ አያስገኝላትም፤ ዛሬ ትንሽ መጨመር አለባት። እኔ ቸኩዬ ብዙ ከጨመርኩባት ደግሞ ግራ ይገባትና ትራገጣለች። ያን ጊዜ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወደ ትናንቱ እመለሳለሁ። በአገራችን ኽምጥኛ እየሰደብኩ በአማርኛ እለምናታለሁ።

መሪጌታ ከውስጥ ሆነው ይሰሙኛል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው?»

«ድጓ እያስተማርኳት ነው መሪጌታ።»

«የት ደረሰችልሽ?»

«ኧረ ገና ፊደል ናት!»

ሳቁ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ፣ «እኔ በአለንጋ ነበር የማስተምረው፤ ስንቱን ልጅ አስበርግጌ ከደብሩ አስጠፋሁ» አሉ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ።

መንገዱን ቆራርጬ አስተማርኳት። ከደጃችን ድንጋይ እስከ ወይራው፣ ከወይራው እስከ መንታ መንገዱ፣ ከመንታው እስከ ደጀ ሰላሙ። በመንታው ላይ ቀኙ ወደ ሚካኤል ይወጣል፤ ግራው በጎረቤቴ በደብሬ ቤት ጓሮ አልፎ ወደ ገደሉ ይወርዳል። መጀመሪያ በየቦታው ጨው ነበር። ቆይቶ በወይራው አስቀረሁባት፣ ቆይቶ በመንታው አስቀረሁባት፣ መጨረሻ ላይ ጨው ያለው ደጀ ሰላሙ ላይ ብቻ፣ በእጄ ሆነ። ለመልሱ ጨው አላስፈለጋትም፤ ቤቱን የሚጠላ ማን አለ። መሪጌታ ድንጋዩ ላይ ቆመው ይወጣሉ፣ «በስመ ሥላሴ» ይላሉ፣ ትሄዳለች። ያቺን ቃል ካልሰማች ሰማይ ቢደፋ አትነቃነቅም። እኔ ቀድሜ ወጥቼ ደጀ ሰላሙ ላይ እጠብቃለሁ፤ ከኋላ ብከተላቸው መመራት ነውና አይወዱትም።

ብቻቸውን የደረሱ ዕለት ጉድ ነበር። ያው በእኛ አገር ካህን በበቅሎ እንጂ በአህያ አይሄድምና ሰው አፉን ይዞ ቆመ። አንዱ፣ «መሪጌታ በአህያ?» ቢል «ጌታዬስ ኢየሩሳሌም በምን ገባ?» ብለው አፉን አስያዙት። ከዚያ በኋላ አህያይቱን «ዲያቆኗ» ይሏት ጀመር። «ዲያቆኗ ዛሬ አረፈደች»፣ «ዲያቆኗ ቅዳሴ ገባች» ይባላል። መሪጌታ ደግሞ ሰውነታቸው ተመለሰ፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው ቅኔ ማኅሌቱን ሞላው። እኔም ኮራሁ። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ኮራሁ።

ችግሩ የመጣው ከክፋት ቢሆን ኖሮ መላ አላጣለትም ነበር። የመጣው ከጽድቅ ነው። ዓይነ ስውር መምህር ቤተ ክርስቲያን ለምታደርስ እንስሳ ማጉረስ በረከት አለው ተባለና በመንገዱ ያለው ቤት ሁሉ ማጉረስ ጀመረ። አንዱ የባቄላ ገለባ፣ አንዱ የጎመን ቅጠል፣ አንዷ ጨው። አህያይቱም በየደጁ መቆም ለመደች። መሪጌታ ቅዳሴ ተጀምሮ መድረስ ጀመሩ። ቤት ለቤት ዞሬ ለመንኩ። «በሞቴ አታጉርሱብኝ! ያለቦታው ያጎረሳችኋት ሁሉ ትምህርት ነው የሚሆንባት» አልኳቸው። አንዳንዱ ተቀየመኝ። «በረከቱን ለብቻሽ ልትበይው ነው?» ያለችኝም አለች። ግን ተዉ።

ከሁሉ ቀድማ እሺ ያለችኝ ደብሬ ናት። ለሚካኤል ማኅበር ጠላ ስትጠምቅ አተላውን መንገድ ዳር ነበር የምታፈሰው። እኔ ከለመንኳት በኋላ፣ «አህያሽን እንዳያስትብሽ ራቅ አድርጌዋለሁ» ብላ ከጓሮዋ ኋላ፣ ገደሉ አፍ ላይ ማፍሰስ ጀመረች። ለእኔ ብላ ነው። አህያይቱም አንድ ከሰዓት ስትግጥ አሽትታ አገኘችው። ከዚያ ወዲያ መሪጌታን አድርሳ ከመለሰች በኋላ፣ ተፈትታ ስትውል፣ አንዳንድ ቀን ሄዳ ታያለች። በወር አንዴ ታገኛለች፣ ሌላ ጊዜ ባዶ ነው።

ይኼ ነገር ደስ አላለኝም። ሁልጊዜ የሚገኝ ነገር ሲቀር ቶሎ ይረሳል፤ አንዳንዴ የሚገኝ ነገር ግን ከልብ አይወጣም፤ በእንስሳም በሰውም አይቼዋለሁ። ቢሆንም ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ የደጀ ሰላሙ ጨው አንድ ቀን እንኳ እስካልቀረ ድረስ አተላው አያሸንፍም። ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልቀረም። ታምሜም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን ጨዋን በመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬ ከደጀ ሰላሙ እገኛለሁ።

ከዚያ ነነዌ መጣ።

ጾሙ ሊገባ እሑድ ማታ መሪጌታ ጠሩኝ። «ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን ከብቱም አህያይቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ እንዳይቀምሱ» አሉኝ። በየዓመቱ የምናደርገው ነው። የነነዌ ሰዎች ከብቶቻቸውን ሳይቀር አስጹመው አይደል ምሕረት ያገኙት! ግን አምና በነነዌ መሪጌታ ታመው ቤት ስለዋሉ አህያይቱ ከደጅ አልወጣችም ነበር። ዘንድሮ ነው ነገሩ የመጣው።

«ጨዋስ?» አልኳቸው።

«ጨው የማይበላ ነገር ነው እንዴ?»

«መሪጌታ፣ እርስዎ የሚያውቁትን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ይህችን አህያ አውቃታለሁ። ያቺን ጨው ካላገኘች ትበላሽብናለች።»

«ሦስት ቀን ነው እኮ ሰገነት። ሦስት ቀን ለእግዚአብሔር መታገሥ የማትችል አህያ እኔን ስትሸከም ብትኖር ምን ይጠቅመኛል?» አሉ፤ በቀልድ ነው የተናገሩት። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሰኞ ለምሕላ ቀድሜ ወጣሁ። ጨዋን ግን እንደልማዴ በመቀነቴ ቋጥሬያታለሁ። ለምን እንደቋጠርኳት አትጠይቁኝ። መሪጌታ መጡ፣ ወረዱ፣ ተሳለሙ፣ ገቡ። አህያይቱ አፍንጫዋን እጄ ላይ አደረገች። ከዚያ ወገቤ ላይ አደረገች፤ ሸቷታል። ዙሪያዬን ሰው ነበር፤ ደብሬም አጠገቤ ቆማለች። የመሪጌታ ሚስት ነነዌን ሻረች ሲባል ታየኝ። ጎኗን ገፋ አደረግኋትና ዞር አልኩ። ትንሽ ቆየችና እንደገና አፍንጫዋን አመጣች። እንደገና ገፋኋት።

ማክሰኞ ዘገዩ። ምሕላው ከተጀመረ በኋላ ነው የደረሱት። መሪጌታ ሲወርዱ፣ «መንታው ላይ ቆማ ቀረችብኝ፤ ሦስቴ በስመ ሥላሴ አልኳት። ምን አይታ ይሆን?» አሉኝ።

ምን እንዳየች አውቄያለሁ! የአባቴ ልጅ አይደለሁም? በመቀነቴ ውስጥ ጣቴን ሰድጄ ጨዋን ነካኋት። አህያይቱ እያየችኝ ነው። ዛሬ ባጎርሳት ማን ያየኛል? መሪጌታ አያዩም። ቄስ ዓለምብርሃን ከደጁ ቆመው ነበር፤ «እሰይ ሰገነት፣ በአንቺ ቤት እንስሳው ሳይቀር ይጾማል» አሉኝ፤ ሰው ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። አያችሁ? እኔንም በሚጣፍጠኝ ነገር አጎረሱኝ። እጄን ከመቀነቴ አወጣሁ።

«ነገ ቤት ይዋሉ፤ ወይም እኔ ልምራዎት» አልኳቸው ማታ።

«አንድ ቀን ቀርቶን?» አሉኝ። «ሰገነት፣ እጅ አትያዢኝ።»

ረቡዕ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆምኩ። ምሕላው ተጀመረ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለው አርባ አንድ ጊዜ ይባላል፤ ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ መሪጌታ አሁንም አልታዩምና ነጠላዬ እየወደቀ ቁልቁል ሮጥኩ። መንታው ላይ የኮቴዋ ዱካ በግራ ነው። በደብሬ ጓሮ አለፍኩ። አህያይቱ ገደሉ አፍ ላይ፣ አተላው ይፈስበት የነበረው ቦታ ቆማ መሬቱን ታሸታለች። በጾሙ የጠመቀ ስለሌለ ምንም አልነበረም፤ የደረቀ አፈር ነው። ኩርታኑ ሆዷ ሥር ዞሯል። መሪጌታ ከታች፣ ከድንጋዩ መሐል ናቸው።

በሕይወት ነበሩ። ሰው ተሰብስቦ በቃሬዛ ሰቆጣ አደረስናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ውስጣቸውም ተጎድቷል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። ሐሙስ ጠዋት ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ሰገነት፣ ጾሙ ተፈታ?» አሉኝ።

«ተፈታ መሪጌታ።»

«ጨዋን ሰጠሻት?»

እግዚኦ! ይህን ነው የጠየቁኝ። አጥንታቸው ደቅቆ የጠየቁኝ ይህን ነው።

«ሰጠኋት» አልኩ።

«እሰይ። እንዳትመቻት» አሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፉ።

ሰው ሁሉ በአህያይቱ ላይ ተነሣ። «ለጅብ ስጫት»፣ «ሰይጣን አድሮባታል»፣ «አበርገሌ አውርደሽ ሽጫት፣ ዓይንሽ አይያት» አለኝ። ደብሬ ደግሞ ደረቷን እየደቃች መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው! አተላዬ ነው የገደላቸው!» እያለች መሬቱን ነከሰች። ያን ጊዜ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። ይህን ያህል ጊዜ አተላው እያለ አንድ ቀን ወደ ግራ ያልታጠፈች አህያ ለምን ያን ዕለት ታጠፈች ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ራሷን ደገፍ አድርጌ አነሣኋት፣ ሰው ሁሉ እንዴት ደግ ሴት ናት አለኝ። ደብሬ ከዚያ ቀን ወዲያ ለማኅበር ጠላ አልጠመቀችም። በመንገድ ስታየኝ ዓይኗን ትሰብራለች። አርባ ቀን ሙሉ ያንን እያየሁ ኖርኩ።

አህያይቱ ግን አልገባትም። ጠዋት ደወል ሲደወል ከጉሮኖዋ ወጥታ ደጃችን ድንጋይ ጎን ትቆማለች። ጀርባዋን አስተካክላ፣ ጆሮዋን ወደ ቤቱ አድርጋ ትጠብቃለች። የሚወጣባት የለም፤ የሚናገራት የለም። ፀሐይ ሲሞቅ ትሄዳለች። ነገ ደግሞ እዚያው ናት። ልደበድባት ዱላ አንስቼ ወጥቼ አውቃለሁ። ዱላውን ስታይ እንኳ አልሸሸችም፤ ጨው መስሏት አፍንጫዋን ዘረጋች።

ተዝካሩ በወጣ ማግስት ደወሉ ሲደወል ተነሣሁ። ድንጋዩ ጎን ቆማለች። አሁን እውነቱን ልናገር። አንድ ነገር ማወቅ ፈልጌ ነበር። ወደ ገደሉ ከወሰደችኝ ጥፋቱ የአተላው ነው፣ የእንስሳ ነው፣ ደብሬም ታልቅስበት። ወደ ሚካኤል ከወሰደችኝ ግን አተላው አላሸነፋትም፤ ጨዋን የከለከለ ነው… እና እንድትወስደኝ የፈለግሁት ወደ ገደሉ ነው። እዚያ ብቀርም ግድ አልነበረኝም። ማን ቀርቶልኝ?

ኩርታኑን ጫንኩባት። ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ጠቅልዬ አሰርኩና ከድንጋዩ ላይ ወጣሁባት። ሴት በአህያ ስትሄድ ያየ ይሳቅ፤ ጆሮ አልሰጠሁም። «በስመ ሥላሴ» አልኩ፣ እሳቸው እንደሚሉት ረገጥ አድርጌ።

ሄደች። ጨለማው ውስጥ እግሯን ብቻ ነው የምሰማው። የወይራው ቅጠል ራሴን ነካኝ፤ ወይራው ጋ ደርሰናል። አልቆመችም። ከዚያ መንገዱ ጠጠር ሆነ፤ መንታው ቀርቧል። ጋማዋን ጨበጥኩ። ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ አልኩ በልቤ። በሚካኤል ስም ወደ ግራ እያልኩ የሚካኤልን ስም አረከስኩ። አህያይቱ አልዘገየችም፣ አላሸተተችም፣ ጆሮዋን እንኳ ወደዚያ አላዞረችም መሰለኝ። ወደ ላይ ወጣች። ሽቅቡ ሲጀምር ወደ ኋላ ስንሸራተት ተሰማኝና አለቀስኩ።

ቆመች። ነጠላዬን ፈታሁ። ደጀ ሰላሙ ነው። መሪጌታ የሚወርዱበት ድንጋይ ጎን፣ እንድቆም አድርጌ ባስተማርኳት ቦታ፣ አንድ ስንዝር ሳታዛንፍ ቆማለች። አንገቷን አዙራ አፍንጫዋን ወደ እጄ አመጣች።

ወረድኩ። መቀነቴን ፈታሁ። ጨዋ እዚያው ነበረች፤ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ አልወጣችም፤ ከላቤ ጋር ጥግ ጥጓ ሟሙቶ አንሳለች። መዳፌ ላይ አደረግሁላት። ላሰች።

ደብሬ ተሳልማ ከደጁ ስትመለስ አየችን። እንደልማዷ ዓይኗን ሰበረች፤ ከዚያ ግን አህያይቱን አየችና ቆመች።

«ምን እያደረግሽ ነው ሰገነት?»

«ጨዋን እየሰጠኋት ነው።»

«አሁን?» አለች።

«አሁን» አልኳት። «አተላሽ አይደለም ደብሬ። አተላሽ አይደለም የገደላቸው።»

ደብሬ አልገባትም፤ አፏን ከፍታ ታየኛለች። አህያይቱ ልሳ ጨረሰችና መዳፌን ደግማ አሸተተችው። ከዚያ እንደተማረችው ዞራ ፊቷን ወደ ቤት አድርጋ፣ እሳቸው እስኪወጡባት ቆመች።